ልጄ አሚን አላለም

ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አርባ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የአምስት ወር ተኩል ልጄ ምንጣፍ ላይ፣ በአሮጊቷ ጎረቤታችን ጭን ተደግፎ ተቀምጧል። ከጀርባው የኒሙ ዛፍ ግንድና ቀለሙ የለቀቀው የግቢያችን ቆርቆሮ በር ይታያል። አሮጊቷ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ «አሚን» ይላሉ፤ ልጄ ጭንቅላቱን ደፋ ያደርጋል። ደግሞ «አሚን»፣ ደግሞ ደፋ። ሳቅ አለ፣ እልልታ አለ። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማው ግን የእኔው ድምፅ ነው። «እሰይ የኔ ጎበዝ! ድገመው!» እላለሁ።

አጥፊው ይሉኛል። ባለቤቴ ቢያንስ በወር አንዴ ያነሳዋል፤ «ለምን ራስሽን ታቃጥያለሽ?» ይለኛል። አላጠፋውም። እኔ ባጠፋው በሰው ስልክ ያለውን ማን ያጠፋዋል? የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አንባቢዬ ከወዲሁ ይወቀው። ቁጣው በረድ ሲልልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፤ እምቢ አለ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከመጋላ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ነው። ቤቱ የባለቤቴ አያት የባቡር ሠራተኛ ሳሉ የያዙት ነው። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እኔ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ስውል ኖሬአለሁ፤ የትኛው ልጅ ጆሮው እንደሚያመው፣ የትኛው ደህና እንደማያይ ከወላጁ በፊት ለይቼ የነገርኩባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ኋላ ራሴን ስረግም ለምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ልጁ የመጣው ሁለት ፅንስ ከጨነገፈብኝ በኋላ ነው። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። አዴ ደግሞ በየሶላታቸው ስሜን ያነሱ ነበር። አዴ የምላቸው ቪዲዮው ላይ ያሉትን ጎረቤታችንን ነው፤ ግቢው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸው ጅቡቲ ቀርተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ልጅ ሽማግሌውን አንተ ቢለው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔን ግን ደገኛዋ እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ አንቱ አስለምዳኛለችና አዴን ሁልጊዜ አንቱ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ብቻ አንቺ ብያቸዋለሁ፤ እደርስበታለሁ።

የእኛ ከተማ ቀትር ላይ ይዘጋል። ሱቁም ሰዉም ይተኛል። ልጄ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ላብ በላብ ሆኖ ይተኛና አሥር ሰዓት ሲል ይነቃ ነበር። ፀሐይዋ ከኒሙ ጀርባ ስትዞር ሴቶቹ ምንጣፍ ያነጥፉና ጫታቸውንና ሻያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ጫቱ ሳይቀመስ ዱዓ ይቀድማል። ለታመመ፣ መንገድ ለሄደ፣ ልጇ ለምትፈተን፣ ሁሉም ልቡ ውስጥ ያለውን ይናገራል፤ አዴ ይለምናሉ፤ ሌላው አሚን ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጫትም አልቅምም። ግን በዚያ ግቢ ሳልፍ ሳገድም አሜን ያልኩበት ዱዓ ብዙ ነው።

የዚያን ቀን ልጄ እንደነቃ፣ የትራሱ ምልክት ከፊቱ ሳይጠፋ፣ ይዤው ወደ ምንጣፉ ወጣሁ። አዴ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። የመጀመሪያው «አሚን» ሲባል ጭንቅላቱን ደፋ፣ እጆቹን ወደ ጎን ዘርጋ አደረገ። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አቦ! አያችሁት?» አለች አንዷ።

«ማሻአላህ!» አሉ አዴ፤ ግንባሩን ሳሙት። «ይሄ ልጅ ወላሂ ወሊ ነው። ኢልመኮ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ ለኔም አሚን በል።»

አለላቸው። ማለቴ፣ ደፋ አለላቸው።

እናቴ ማታ ስትሰማ «የገብርኤል ልጅ ነዋ! ምን ይገርማል?» አለች። አዴ ወሊ ነው፣ የአላህ ወዳጅ ነው ይላሉ፤ እናቴ የስለት ልጅ ነው ትላለች። ሁለቱ በእምነት ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በልጄ ጭንቅላት ግን አንድ ሆኑ። እኔም በመካከላቸው ቆሜ ፈነጠዝኩ። ሁለቴ ባዶ እጄን ከሐኪም ቤት የተመለስኩ ሴት ነኝ፤ ልጄ የተባረከ ነው ሲሉኝ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ?

በማግስቱም ደገመው፣ በሠልስቱም። ወሬው ከግቢያችን ወጣ። ከታች ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ልጇ አረብ አገር የሄደችባት፣ ባሏ የታሰረባት፣ እያንዳንዷ «ሕፃኑ አሚን ይበልልኝ» እያለች ትመጣለች። ልጁ ገና ካልነቃ ይጠብቁታል። እስኪነቃ ዱዓ አይጀመርም፤ ጫቱ በፌስታሉ እንደተቋጠረ ይቀመጣል። «ሲነቃ ጥሩን» ብለው የሚሄዱም ነበሩ። እኔ እጠራቸው ነበር። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ነቅቷል!» እላለሁ፤ አዴም ወዲያው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ይህን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ልጁ ዱዓውን አልተከተለም፤ ዱዓው ነው ልጁን የተከተለው። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ደግሞ አይቻለሁ እኮ! ያላየሁ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልንገበገብም። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስለባብስ ልጁ ነቃ። ቤት ውስጥ ዱዓ የለም፣ ሰው የለም፣ ሬዲዮም አልተከፈተም። ጭንቅላቱን ደፋ አደረገ። ቆየት ብሎ ደግሞ ደፋ። ቆሜ አየሁት፤ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመውና መጨረሻ ላይ አለቀሰ። ለባለቤቴ ስደውል ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «እየተለማመደ ነው» አልኩት። ዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ያስተማርኩ ሴት፣ የአምስት ወር ተኩል ልጅ ብቻውን ተጋድሞ ጸሎት ይለማመዳል ብዬ አመንኩ። ሳቅን።

ቪዲዮውን የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሰው አይደለም፣ ዘመድ አይደለም፣ እኔ። «አሚን ባዩ ሕፃን፣ ከድሬ» ብዬ ጻፍኩበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ከስልክ የወጣማ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል። ሳምንት ሳይሞላ የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ «የዚያ ልጅ እናት አይደለሽ?» ይሉኝ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቼ በዕረፍት ሰዓት ከፍተው ያዩታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ስሰማ አሁን ደሜ ይፈላል። እኔ መች ደበቅሁ? ልጄን በሽታው ሲጥለው ለአገር ሁሉ አሳየሁ፤ አገሩም አጨበጨበ።

በዚህ መሃል ልጁ እየተለወጠ ነበር። የጆሮ ጉትቻዬን መጎተት ይወድ ነበር፤ ተወው። ባለቤቴ ከፈረቃው ሲገባ በሩ ሲንኳኳ ይፈነድቅ የነበረ ልጅ፣ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ተክሎ ይቀራል። ማታ ማታ ይነጫነጫል። ጎረቤት መላ አላጣችም፤ «ጥርሱ ነው» አለች አንዷ፣ «ግግ ነው፣ አስነቅይለት» አለች ሌላዋ። በግግማ ተቆጣሁ። ድዱን በምስማር የሚያስፈነቅሉ ኋላ ቀሮች ናቸው፣ እኔ የተማርኩ ነኝ፣ ልጄን እንዲህ ያለ ነገር አላስነካም አልኩ። ግግን እምቢ ያልኩት ሴት አሚኑን ዋጥኩት።

አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ደረቱን አዳመጡ፣ ጆሮውን አዩ፣ ድዱን በጣታቸው ዳሰሱ። ጭንቅላቱን ደጋግሞ እንደሚደፋ ነገርኳቸውና ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። አዴ ሲለምኑ፣ ሴቶቹ አሚን ሲሉ፣ ልጄ ሲደፋ ሐኪሙ ሳቃቸው መጣ። ነርሷን ጠሩና «ነይ ይህን ተመልከቺ» አሏት። እሷም «አሚን! ለኔም በልልኝ» አለችው።

«ሕፃናት ጭንቅላታቸውን መነቅነቅ ያዘወትራሉ» አሉኝ ሐኪሙ። «ሲያድጉ ይተዉታል። ጥርስም እያወጣ ነው። ፀሐይ አሙቂው።» የቫይታሚን ጠብታ ጻፉልኝ።

መቼ መቼ ነው የሚያደርገው ብለው አልጠየቁኝም። ከእንቅልፍ ሲነቃ ነው ወይ፣ በተከታታይ ነው ወይ፣ ከጀመረው ወዲህ የተወው ነገር አለ ወይ አላሉኝም። የተናገሩት ነገር ውሸት አይደለም፤ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ የሚተኙና ምንም የማይሆኑ ልጆች አሉ፤ ከእኔ ክፍል ራሱ ሁለት አውቃለሁ። የተናገሩት ግን ስለነዚያ ልጆች ነው፤ ስለ ልጄ አይደለም። ስወጣ ደግሞ «ለባለቤቴ ላሳያት፣ ቪዲዮውን ላኪልኝ» አሉኝ። ላክሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልቤ ተኝቶ ኖረ። ሐኪም አይቶታል ማለት ትልቅ ትራስ ነው።

በመጨረሻ ሆስፒታል የወሰድኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ተቅማጥ ይዞት ነበር። ተረኛዋ የሕፃናት ሐኪም ወጣት ናት፣ ከእኔ ሳታንስ አትቀርም። ስለ ተቅማጡ ጠይቃኝ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ፊቱ አቀረበችና አየችው። ብዕሯን ከወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰች። ዓይኑ አልተከተላትም።

«ይስቃል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ይስቃል እንጂ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የሳቀው?»

ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። አንድ እናት ልጇ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሳቀ መርሳቷ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰባት ታውቀዋለች። አፍሬ፣ ከማፈሬም የተነሳ ተናድጄ፣ ልጄ ብልህ መሆኑን ላሳያት ስልኬን አወጣሁ።

«ይልቅ ይህን እይልኝ፤ ገና በአምስት ወሩ አሚን ይል ነበር» አልኳት።

አየችው። አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው አይታ መልሳ ከፈተችውና «ድምፁን አጥፊልኝ» አለችኝ።

አጠፋሁት። ስልኩን በሁለታችን መካከል ያዘችው፤ አብረን አየን።

አዴ የሉም፣ አሚን የለም፣ እልልታ የለም፣ እኔም የለሁም። አንድ ሕፃን ብቻ አለ። ሕፃኑ በድንገት ጭብጥ ይላል፤ አንገቱ ይሰበራል፣ እጆቹ ይወረወራሉ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ይሸሻሉ። ከዚያ ይለቀዋል። ሰባት ስምንት ሰከንድ ይቆይና ደግሞ ይይዘዋል። ሲለቀው ፊቱ ላይ የሚታየው ፍርሃት ነው። ይህን ቪዲዮ ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ ያን ፊት አይቼው አላውቅም። ሴቶቹን ሳያቸው ደግሞ አፋቸው የሚንቀሳቀሰው እሱ ከደፋ በኋላ ነው። እየተከተሉት ነበር።

«እዚህ ላይ ለምን አቆምሽው?» አለችኝ ቪዲዮው ሲያልቅ።

«ዱዓው አለቀ።»

«እሱስ? ጨርሶ ነበር?»

«አልጨረሰም ነበር» አልኳት።

ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀችኝ። ስድስት ሳምንት ነው አልኩ። ስትጽፍ የነበረችበት እጇ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች። የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው አለችኝ፣ ሕፃናትን በመጀመሪያው ዓመታቸው የሚይዝ። እኔም ጮህኩባት። «አይጥለውም እኮ! አረፋ አይደፍቅም! ቁጭ ብሎ ነው የሚያደርገው!» አልኳት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሊተኛ ሲል ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ የሚያድግና የሚጫወት ልጅ ቢመጣልኝ አይዞሽ ብዬ እሸኝሻለሁ። ዓይኑ እየተንቀጠቀጠ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ቢሆን የዓይን ሐኪም ጋ እልክሻለሁ። ይህ ግን ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ በተከታታይ፣ ዓይኑ እየተገለበጠ፣ ሳቁም ጠፍቶ ነው። ይህ ነገ የሚባል አይደለም። በየቀኑ አንጎሉን ይጎዳዋል።»

በየቀኑ። ስድስት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ፤ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮት አንገቴን እያወጣሁ «ነቅቷል!» ስል ነበር።

ሐኪሟ አዲስ አበባ ወዳለ ስፔሻሊስት ቪዲዮውን ላከች፤ ያለ ድምፅ። የአንጎሉን ሞገድ የሚያነበውን ምርመራ እዚህ ልናገኝለት ስላልቻልን በማግስቱ ለጉዞ እንድንዘጋጅ ነገረችኝ። ወደ ቤት የተመለስኩት ልክ በአሥር ሰዓት ነው። ምንጣፉ ተነጥፏል። አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። አዴ እጃቸውን ዘርግተው «ነይ ነይ፣ ልጁን አምጪው፣ እሱን ነው የምንጠብቀው» አሉኝ።

ያን ቀን ያደረግሁትን አልደብቅም። ምንጣፉን ጫፉን ይዤ ጎተትኩት፤ ሻዩ ተደፋ። «በሽተኛ ነው ልጄ! እናንተ የምትስቁበት በሽታው ነው!» አልኩ። ወደ አዴ ዞሬም «አንቺ ነሽ! ወሊ ነው እያልሽ ልጄን ያስበላሽው አንቺ ነሽ!» አልኳቸው። ለሰባ ዓመት ሴት፣ ለእኔ ሲጾሙና ሲጸልዩ ለኖሩ ሴት። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ በድሬ አንቺ ምንም አይደለም፤ ከእኔ አፍ ግን ጥፊ እንደሆነ ሁለታችንም አወቅነው።

አዴ ቀስ ብለው ተነሡ። የተደፋውን ብርጭቆ አነሡና «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። «ሐኪም ቤት አልሠራሁ። ደስ አለኝ፣ አሚን ነው አልኩ። አንቺ መምህር ነሽ።»

ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ለሁለት ዓመት በዚህች ዓረፍተ ነገር ተናድጃለሁ፤ ስሕተት ላገኝባት ስላልቻልኩ።

አዲስ አበባ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ አስተኝተው፣ ሲነቃ ጠብቀው አነበቡት። እኔና ባለቤቴ የማሽኑን ስክሪን ከጎን አየነው፤ መስመሮቹ ሁሉ ተተረማምሰዋል። ሐኪሟ የገመተችው ራሱ ነው አሉን። ጠንካራ ክኒን ታዘዘለት፤ ፈጭተን በማንኪያ እንሰጠዋለን። ፊቱ እንደ ሙልሙል ዳቦ አበጠ፣ ይርበዋል፣ ሌት ተቀን ያለቅሳል። በአሥራ አንደኛው ቀን ከቀትር እንቅልፉ ነቃና ምንም አልሆነም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ምንም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ በአሥራ አንድ ቀን የሚቆም ነገር ነበር ለካ።

ልጄ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሳቁ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ዘግይቶ ተቀመጠ፣ ዘግይቶ ቆመ፤ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። አፉን ገና አልፈታም። ቶሎ ብትመጪ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብሎ የነገረኝ ሐኪም የለም፤ በሳምንቱ ቢታከሙም እንዲህ የሚቀሩ ልጆች አሉ ይሉኛል። ምናልባት እውነት ነው። ምናልባት የምትለውን ቃል ግን እኔ ጠልቻታለሁ።

ከአዴ ጋር የታረቅነው በወግ አይደለም። አንድ ቀን ልጁን ተቀበሉኝ፣ ሰጠኋቸው። ምንጣፉ ተመልሶ ተነጠፈ፤ ግን በግቢያችን ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ በልቶ እስኪጨርስ ዱዓ አይደረግም። ይህን ያዘዘ ሰው የለም። አዴ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት እኔን ያዩኛል፤ እኔ «ደህና ነው» እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከገጠር፣ ከጀልዴሳ የመጣች ሴት ናት፤ ወጣት፣ አቧራ የለበሰች፣ ሕፃን ያዘለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው። «አሚን የሚለው ልጅ ቤት ይህ ነው?» አለች። ሰፈሩ እየጠቆመ አምጥቷታል። አዴ በኦሮምኛ አስገቧት፣ ውሃ ሰጧት። ሴትየዋ እየሳቀች ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደች። ሴት ልጅ ናት፣ የስምንት ወር፣ እጅዋ ላይ ክር የታሰረላት። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ መያዝ አትችልም።

ሴትየዋ ብዙ ተናገረች፤ አዴ እየተረጎሙልኝ ሰማኋት። የእሷም ልጅ አሚን ትላለች። ሲነጋጋ፣ ስትነቃ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ትሰግዳለች። ከአራት ወሯ ጀምራለች። መጀመሪያ ፈርታ ነበር። በኋላ ገበያ ላይ የእህቷ ልጅ በስልክ አንድ ነገር አሳያት። ልክ እንደሷ ልጅ ነው፤ ሰዎች እየሳቁ፣ እልል እያሉ፣ እናቱም እየተደሰተች። ዛሬ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አስቀምጠን ዱዓ እንድናደርግ ነው የመጣችው።

ከዚያ ሌላ ነገር ተናገረች፤ አዴ አልተረጎሙትም።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

አዴ ጭናቸው ላይ የያዟትን ልጅ ልብስ አስተካከሉ።

«አዴ፣ ምን አለች?»

«ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ልወስዳት ተነሥቼ ነበር፤ የአንቺን ልጅ ሳይ ተውኩት ነው የምትለው።»

ልጄ ከጎናችን ግድግዳውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሴትየዋ አየችው፤ «ይህ ነው?» በሚል ዓይን ወደ እኔ ተመለሰች። ልጮህባት አፌ ተከፈተ። አራት ወር ሙሉ ምን ሆነሽ ነው፣ ዓይን የለሽም ወይ ልላት ነበር። ግን የምናገረው ቃል ሁሉ አንድ ጊዜ በዚህ ግቢ የተነገረ ቃል ነው፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። መምህርቷ እኔ ነኝ።

ባጃጅ ጠርቼ እኔም አዴም አብረናት ሆስፒታል ሄድን። ያች ወጣት ሐኪም ቪዲዮ አልጠየቀችም፤ ሕፃኗን እዚያው እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ስትነቃ ሁሉም ነገር ዓይናችን ሥር ሆነ። አዴ በኦሮምኛ ለእናትየዋ ሲያስረዱ ሐኪሟ እኔን አላየችኝም። መድኃኒት ጀመሩላት። ደፋ ማለቷ ቀንሷል፤ አልቆመም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ያኑ ዕለት ቪዲዮውን እንደገና ለጠፍኩት። ድምፁን ሙሉ ለሙሉ አጠፋሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም በትልልቁ ጻፍኩበት፤ «ይህ ጸሎት አይደለም፣ በሽታ ነው። ልጅዎ ከእንቅልፍ ሲነቃ እንዲህ ካደረገ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።» ኦሮምኛውን አዴ ቃል በቃል እየነገሩኝ ነው የጻፍኩት። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፤ የመጀመሪያው ሰው ጽፏል።

«ምን አለ?» አሉኝ አዴ።

«አሚን» አልኳቸው።

አዴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፉት።